ምንም ያልጠየቁኝ ቀጣሪዎች

ፈሪ መሆኔን ወረታ ውስጥ የማያውቅ የለም። ውሻ እፈራለሁ፣ ባጃጅ ሲያዘነብል እፈራለሁ፣ ከሁሉም አብልጬ ግን ውሃ እፈራለሁ። ፎገራ ተወልዶ ውሃ መፍራት ደግሞ ያሳፍራል፤ ክረምት ሲገባ የሜዳችን ግማሹ ውሃ ነው። ባልደረቦቼ «የሹ ሰማዩ ሲያጉረመርም ጠረጴዛ ሥር ትገባለች» ብለው ሲቀልዱብኝ አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ውሸት አላሉምና። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የምተርክላችሁን ስታነቡ ደፋር ሴት እንዳልመስላችሁ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደፋር ሴት አለች፤ እኔ ግን አይደለሁም።

ስሜ የሻረግ ይባላል። ያኔ ወረታ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። በቋንቋው ዲግሪ አለኝ፤ ጥቂት ዓመታት የማስተማር ልምድም ነበረኝ። አባቴ የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ፣ ተማሪ ፊታቸው አስቀምጠው «እስቲ በል» እያሉ ሲያስብሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እናቴ በሕይወት የለችም።

ትርንጎ የሥራ ባልደረባዬ ነበረች፤ እሷም የእንግሊዝኛ አስተማሪ። በአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለነበር የእሷን ተማሪዎች ከራሴ ተማሪዎች እኩል አውቃቸዋለሁ። ለምን ቢባል ትርንጎ የማማረር ሊቅ ነበረች። ከኋላ ተቀምጦ የሽምብራ እሸት የሚፈለፍለው ልጅ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ጣሪያ ጣሪያ የሚያየው፣ የቤት ሥራ በተሰጠ ቁጥር አያቱ የሚሞቱበት፤ ሁሉንም በስም እየጠራች ስታማርር የሻይ ሰዓታችን ያልቃል። «ቆይ ብቻ፣ አንድ ቀን ጥዬያቸው ባልሄድ» ትላለች። ደወል ሲደወል ግን ጠመኔዋን ይዛ ከሁላችንም ቀድማ የምትገባው እሷ ነበረች።

ታዲያ አንድ ቀን ስልኳ ላይ ያየችውን ማስታወቂያ አሳየችኝ። ታይላንድ ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ የውጭ ዜጎች ይፈለጋሉ ይላል። የሥራ ልምድ አያስፈልግም፣ የትምህርት ማስረጃ አይጠየቅም፣ ቋንቋውን መናገር ይበቃል። እኛ የምናውቀው የውጭ ዜጋ አስተማሪ ፈረንጅ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣ ወጣት ፈረንጅ ነበር፤ ሙያው እዚያ ቋንቋ ውስጥ መወለዱ ብቻ ነው፤ ክፍል ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ጊታር ሲመታ ከርሞ ሄደ። እንዲያም ሆኖ ርእሰ መምህሩ ወንበሩን ይለቅለት ነበር።

«አሁን ተራው የኛ ነው» አለች ትርንጎ እየሳቀች። «ሄደን እኛም ለሰው አገር ፈረንጅ እንሆናለን።»

እሷ ቀድማ ሄደች። በየሳምንቱ ትደውልልኛለች። ሥራው ጥሩ ነው፣ ልጆቹ ጥሩ ናቸው፣ ምግቡም ይለመዳል ትለኛለች። ትንሽ ቆይታ «ለምን አንቺም አትመጭም? ስምሽን ሰጥቻቸዋለሁ» አለችኝ። እኔ ፈሪዋ ብቻዬን ቢሆን አላስበውም ነበር። ትርንጎ ካለች ግን ምን ያስፈራኛል አልሁ።

ለቃለ መጠይቁ ቀን ተጨንቄ ነው የተዘጋጀሁት። የማስተምረውን ትምህርት አዘጋጀሁ፣ ግድግዳ ላይ ሥዕል ለጠፍሁ፣ የዲግሪዬን ዋናውን አወጣሁ። ከስልኩ ማዶ ያለው ሰውዬ ፊቱ አይታይም፤ እንግሊዝኛው ለስላሳ ነው። ፓስፖርት አለሽ? አለኝ። በሽታ አለብሽ? ኮምፒውተር ላይ ስትጽፊ ፈጣን ነሽ? ሌሊት መሥራት ትችያለሽ? እዚህ አገር የምታውቂው ዘመድ አለ? የለም አልሁት። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተቀብለንሻል» አለኝ። የለጠፍሁትን ሥዕል ሊያይ አልፈለገም። እኔም ከፈተና መዳኔ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እኛ አገር እንኳን አስተማሪ የመኪና ረዳት ሲቀጠር ዋስ ይጠየቃል፤ ይህ ግን በወቅቱ አልታየኝም።

ጉዞዬ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል በሚነሣው አውቶቡስ ሆነ። ዓርብ ዕለት አባቴን ልሰናበት ወደ ቁሐር ወረድሁ። ሐምሌ ስለነበር ሜዳው ሞልቷል። ባጃጁ አስፋልቱ ዳር ጥሎኝ ተመለሰ። አባቴ እንደማልሻገር ስለሚያውቁ መቋሚያቸውን ይዘው መጥተው ይጠብቁኝ ነበር። የመቋሚያውን አንዱን ጫፍ ያዝሁ፣ እሳቸው ሌላውን ይዘው ከፊት ከፊቴ ሄዱ። ጫማዬን በአንድ እጄ አንጠልጥዬ፣ ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ አንገቴ ላይ አሥሬ፣ ውሃው ጉልበቴን በነካ ቁጥር «አባየ፣ አባየ» እያልሁ ተሻገርሁ።

ቤት ገብተን ምሳ በላን። ተማሪዎቻቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው ነበርና ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ያለ ምንም መቅድም ጠየቁኝ።

«ዛዲያ ምን አስባሉሽ?»

«ምን?»

«አስተማሪ አርገው ወንበር ሊሰጡሽ አይዶል? ምን አስብለው አዩሽ?»

«ምንም አላስባሉኝም አባየ።»

«ከማን ተማርሽ አላሉሽም?»

«አላሉኝም።»

«እስከ ዛሬ የት አስተማርሽ፣ እነማን ወጡልሽ አላሉሽም?»

«አላሉኝም። የውጭ አገር አሠራር እንዲህ እንደኛ አይደለም።»

አባቴ ጢማቸውን ዳበሱ። «እኔ ለዚህ ደብር ስመጣ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ካህናቱ ዙሪያየን ተቀምጠው ከማለዳ እስከ ቀትር አስባሉኝ። ከማን ተማርህ አሉኝ። ያ ያስተማረህስ ከማን ተማረ አሉኝ። ላቤ ተንጠፈጠፈ። ያኔ በጣም ነው የተቀየምኋቸው። እንዲህ ሰው ይጠረጠራል ብየ። ኋላ ሳስበው ግን ልጆቻቸውን ሊሰጡኝ ነበር። ልጁን የሚያስረክብ ሰው ይጠይቃል፤ ቢጠይቅም አይፈረድበትም።»

«እውነት ነው» አልሁ ለመጨረስ ያህል።

«እነዚህ ምንም ካልጠየቁሽ የሚያስረክቡሽ ልጅ የላቸውም ማለት ነው። ዛዲያ ለምን ይሆን የፈለጉሽ?»

ተናደድሁ። አባቴ ከቁሐር ወጥተው የት ሄደው ያውቃሉ፣ ስለ ውጭ አገር ትምህርት ቤት ምን ያውቃሉ አልሁ በልቤ። «ትርንጎ እኮ እዚያ ነው ያለች አባየ። እያስተማረች ነው። በየሳምንቱ እናወራለን» አልኋቸው።

«እሷ ምን ትልሻለች ስለ ተማሪዎቿ?» አሉኝ።

ላስታውስ ሞከርሁ። ትርንጎ ከሄደች ጀምሮ የአንድም ተማሪ ስም ጠርታልኝ አታውቅም። አማርራ አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ ጮኹብኝ፣ አልገባቸውም፣ እንቅልፋሞች ናቸው ብላኝ አታውቅም። የዚያ አገር ልጅ ጨዋ ቢሆን ነው ብዬ አልፌው ነበር። ግን የቱ አገር ነው አስተማሪ የማያማርርበት? ፈራሁ።

«መጣሁ» ብዬ ወጣሁ።

እነ አባቴ ቤት ኔትወርክ የለም። የሚገኘው ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ከፍታ ላይ ነው። እየተንሸራተትሁ ወጥቼ በቅጥሩ አጠገብ ቆምሁና ደወልሁላት። ወዲያው አነሣችው።

«የሹ፣ ተዘጋጀሽ?» አለች። ድምጿ ደስታ የሞላው ነው።

«ተዘጋጅቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ክፍልሽ ውስጥ ከሁሉ የሚያበሳጭሽ ልጅ ማን ነው?»

«ምን አልሽ?» አለች።

«የሚያበሳጭሽ። እንደ ሽምብራ ፈልፋዩ ዓይነት።»

«የለም። ሁሉም ጨዋዎች ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እሺ፣ የአንዱን ስም ንገሪኝ። የአንዱን ብቻ።»

መስመሩ አልተቋረጠም፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ከኋላዋ አንድ ወንድ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በአማርኛ፣ «ምንድን ነው የምትጠይቅሽ?» ሲል ሰማሁ። ትርንጎ ቶሎ ብላ «ኔትወርኩ አስቸገረ፣ በኋላ እደውልልሻለሁ» አለችና ዘጋችው። ኔትወርኩ ምንም አላስቸገረም።

የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተደግፌ ራሴን ላሳምን ሞከርሁ። የሥራ ባልደረባዋ ይሆናል። ሐበሻ ቢኖር ምን ይገርማል። ደክሟት ይሆናል። ግን አስተማሪ የሚያስቸግረው ልጅ ስም አይጠፋውም። የጎበዙን ሊረሳ ይችላል፣ የረባሹን አይረሳም። ይህን ከአስተማሪ በቀር ማንም አያውቀውም፤ እሷ ደግሞ እንደማውቀው ታውቃለች።

ተመልሼ ለአባቴ ነገርኋቸው። ካባቸውን ደርበው መቋሚያቸውን አነሡና «ተነሽ፣ ሳይመሽ እንሻገር» አሉ።

ዝናብ ሊጥል ደመናው ወርዷል። ውሃው ከጧቱ ጨምሯል። የሩዙ ማሳ ድንበር አይታይም፤ አባቴ በልማድ ነው የሚረግጡት። እኔ የመቋሚያውን ጫፍ በሁለት እጄ ጨብጬ ከኋላቸው እየተጎተትሁ ሳለሁ፣ አስፋልቱ መታየት ሲጀምር፣ ኔትወርክ ገብቶ አንገቴ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ትርንጎ ናት። በምስል ነው የደወለችው።

በፌስታሉ ውስጥ እንዳለ ነካሁት። ፊቷ መጣ። ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ ነው። ከንፈሯ ደርቋል፣ ፀጉሯ ታስሯል፤ ፈገግ ብላለች።

«የሹ፣ ቅድም ኔትወርክ አስቸግሮን ነው» አለች። «ተማሪዎቼን ሁሉ እወዳቸዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው። ደመወዙ ጥሩ ነው። ነገ ተነሽ፣ እየጠበቅንሽ ነው።»

የተጻፈለትን እንደሚያነብ ተማሪ ነበር የምትናገረው። ዓይኗ እኔን አያይም፤ ከስልኩ በላይ የሆነ ነገር ያያል። አባቴ ቆመው ወደ እኔ ዞረዋል። ውሃው ጭኔ ላይ ደርሷል።

«ትርንጎ» አልኋት። «ልምጣ?»

«አዎ፣ እየጠበቅንሽ ነው አልሁሽ እኮ።»

«እነሱን አይደለም የምጠይቀው። አንቺን ነው። ልምጣ ወይስ ልቅር?»

ዓይኗ ወደ ላይ ሄደና ተመለሰ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አየችኝ። ፈገግታዋ ጠፋ።

«አትምጭ» አለች። «እኔ እዚህ አስተማሪ አይዶለሁም። ክፍል የለም። ተማሪ የለም። አትምጭ የሹ፣ ለሌላም ሰው ንገሪ፣ ማንም እንዳይ…»

ምስሉ ተገለበጠ። የጣሪያ አምፖል አየሁ። ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የመታት ነገር ድምፅ፤ ቀጥሎ የእሷ ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ።

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይላሉ። ሲባል እሰማ ነበር እንጂ እውነት አይመስለኝም ነበር። እስከ ጭኔ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆሜ ላብ ከግንባሬ ወደ ዓይኔ ይወርድ ነበር። መቋሚያውን ለቅቄዋለሁ። ወደ ኋላ ተመልሼ ልሂድ ወደ ፊት አላውቅም።

«ያዥ» አሉኝ አባቴ ጫፉን እየዘረጉልኝ። «ያዥና ተከተይኝ። እዚህ ቆመሽ የሚሆን ነገር የለም።»

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ቁጥሩ የትርንጎ ነው፤ ያወራኝ ግን ወንድ ነው። አማርኛው ጥርት ያለ፣ ትሑት ሰው።

«እህቴ፣ እንዳትደነግጭ» አለኝ። «ጓደኛሽ ትንሽ አመም አድርጓታል። ብቸኝነት ነው። አንቺ ስትመጪ ይሻላታል።»

አባቴ እንዲሰሙ ስልኩን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት።

«ነገ አውቶቡስ ላይ ስትወጪ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ካልላክሽ እንደቀረሽ አውቃለሁ። ከቀረሽ ደግሞ ያንቺን ቦታ የምትሸፍነው እሷ ናት። እኔ አይደለሁም ክፉው፤ እዚህ ያለው አሠራር ነው። ገባሽ?»

ዘጋው። አባቴ የሰሙትን ሰምተዋል። እኔ አስፋልቱ ዳር ተቀመጥሁ። መኪና እያለፈ ውሃ ይረጨኛል። ያን ሰዓት የፈራሁትን ያህል ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ፈርቼ አላውቅም። ለራሴ ብቻ አልነበረም ፍርሃቱ። ብሄድ ልጠፋ ነው፤ ብቀር እሷን ላስገድላት ነው። «አባየ፣ መሄድ አለብኝ» አልሁ። ምን እንደምናገርም አላውቅም።

«ሁለታችሁ አንድ ጉድጓድ ብትገቡ ማን ሊያወጣችሁ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ቆይተው «የልጅቱን እናት ሳንነግር አናድርም» አሉ።

የትርንጎ እናት እትየ ሙሉ ወረታ ውስጥ ሩዝ መፈልፈያው አጠገብ ነው የሚኖሩት። ሰፈሩ ሁሉ «የውጭ አገር አስተማሪዋ እናት» ይላቸው ጀምሮ ነበር። ስንገባ ማምሻው ነው፤ የመፈልፈያው ሞተር ገና አልጠፋም። እርጥብ ልብሴንና አባቴን አይተው ነገሩ ደግ እንዳልሆነ ገባቸው። እግራቸው ላይ ልደፋ ጎንበስ ስል ያዙኝ።

«ቀና በይ» አሉኝ። «ምን ሆናለች? እንዳየሽው ንገሪኝ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሽ።»

ነገርኋቸው። የሰውየውንም ዛቻ ነገርኋቸው። ሲሰሙ እጃቸው ነጠላቸውን እየጠመዘዘ ነበር፤ እንባ ግን አላየሁባቸውም።

«አትምጭ ያለችሽ እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«አጠገቧ ሰው ቆሞ?»

«አጠገቧ ቆሞ።»

«ብሄድስ እትየ?» አልኋቸው። «ባልሄድ ምን እንደሚያደርጓት…»

«ብትሄጅ ይለቋታል?»

አባቴ መሬት መሬት ያያሉ።

«አይለቋትም» አሉ እትየ ሙሉ ራሳቸው። «እኔ ልጀን አውቃታለሁ። ነገር የማይገባት ልጅ አይዶለችም። ያን ስትናገር ምን እንደሚመጣባት አውቃ ነው የተናገረች። አውቃ የከፈለችበትን ቃል እኔ እናቷ ላፈርሰው ነው? አትሄጅም። ብትሄጅ እኔ ነኝ የማልምርሽ።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ስልኬ ጮኸ። እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ልጥለው ቃጣኝ። እትየ ሙሉ ከእጄ ወሰዱትና እንዴት እንደሚነሣ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው።

«የትርንጎ እናት ነኝ» አሉ። «አንተም እናት አለችህ። ልጀን አትንካብኝ። ልጀን ስጠኝ።»

ሰውየው ምንም ሳይል ዘጋው። ከዚያ በኋላ አልደወለም። እስከዚያ ድረስ ስልክ ሲጮህ ነበር የምፈራው። የሩዝ መፈልፈያው ሞተር ጠፍቶ ቤቱ ጸጥ ሲል ግን የማይጮህ ስልክ ከዚያ የባሰ እንደሚያስፈራ አወቅሁ። ሦስታችን መሀላችን አስቀምጠነው ተቀመጥን። አባቴ በለሆሳስ ዳዊት ይደግማሉ። እትየ ሙሉ ዓይናቸውን አልከደኑም። እኔም ሊነጋ ሲል የአውቶቡሱን ጥሩምባ እዚያው ተቀምጬ ሰማሁት። ተነሥቶ ሲሄድ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጥሁ። ፎቶ አልላክሁም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት አሳጥሬ ልንገራችሁ። ያላንኳኳነው የመሥሪያ ቤት በር የለም። አንዳንዱ ቢሮ በሐዘኔታ ሰማን፣ አንዳንዱ ደግሞ «በፈቃዷ አይደል የሄደችው?» አለን። የትርንጎ ስልክ አይሠራም ነበር። እትየ ሙሉን መንገድ ላይ ሳገኛቸው አንገቴን እደፋለሁ፤ እሳቸው ግን ቆመው ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል። ክፍል ውስጥ እያስተማርሁ ወንበር ሲወድቅ ከሰማሁ ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ነበር። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ላይ ወንበር ሲያነሡ በቀስታ ማንሣት ለመዱ።

በሚቀጥለው ዓመት ሩዙ ታጭዶ ሲያበቃ፣ ከታይላንድ ድንበር ማዶ ታግቶ የነበረ ብዙ ሰው ተለቆ ወደ ታይላንድ ተሻገረ ሲባል ሰማን። ወደ አገር ከተመለሱት መሀል ትርንጎ ነበረች። ከስታለች፤ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ያ «ትምህርት ቤት» የተባለው በአጥር የታጠረ ሕንፃ ነበር። እንግሊዝኛዋ የተፈለገው በሌላው ዓለም ላሉ ብቸኛ ሰዎች የፍቅር መልእክት እየጻፈች ገንዘባቸውን አታልላ እንድትወስድ ነው። ቀን ከሌሊት ኮምፒውተር ላይ። የፈለጉት ያን ብቻ ስለነበር ዲግሪዋንም ሆነ ልምዷን የሚጠይቅ አልነበረም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ አስተማሪ የሆናችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በፊት ሱፐርቫይዘር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲያየኝ ደሜ ይፈላ ነበር። ማስረጃ አምጪ፣ ልምድሽን አጽፊ፣ ዋናውን አሳዪ ሲሉኝ ሰው የማያምኑ ይመስሉኝ ነበር። አሁን ስጠየቅ ቅር አይለኝም። ሰው አገር ሄዳችሁ ልታስተምሩ የምታስቡ ካላችሁ ሂዱ፤ ሄደው በሥርዓቱ የሚያስተምሩ አሉ። ግን የሚቀጥራችሁ ሰው ምን ታውቃላችሁ፣ የት አስተማራችሁ፣ ከማን ተማራችሁ ብሎ ካልጠየቃችሁ ደስ አይበላችሁ። ስለ ክፍሉና ስለ ልጆቹ እናንተ ጠይቁት። የልጆች ስም ካልመጣለት ሻንጣችሁን መልሱት።

ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ዛሬም ውሃ እፈራለሁ፣ ዛሬም የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አላነሣም። ግን ፈሪ መሆኔ እንደ ድሮው አያሳፍረኝም። ያን ቀን ፈርቼ ነው የጠየቅሁት።

አንድ ነገር ብቻ ለረጅም ጊዜ ልጠይቃት ሳልደፍር ኖርሁ። ባለፈው ከትርንጎ ጋር አስፋልቱ ዳር ዳር እየሄድን፣ የታጨደውን ማሳ ከብቶች ሲቃርሙት እያየን ሳለ እንደምንም አወጣሁት።

«ያን ቀን» አልኋት፣ «ስልኩ ከጠፋ በኋላ፣ ምን አደረጉሽ?»

እጇን ወደ ነጠላዋ ውስጥ አስገባች።

«ከአንቺ በፊት አንዲት ልጅ ጠርቻለሁ» አለችኝ። «እንዳንቺው ደወለች፣ ነይ አልኋት፣ መጣች። ከጎኔ ነበር የምትተኛው። ከዚያ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ዓይኔ አይከደንም ነበር።» ቆመች። «ያን ቀን ያደረጉኝን ተይው የሹ። ያን ሌሊት ግን ተኝቻለሁ።»